ሦስቱ የእርሳስ ፊደላት

ነይ ሂባ፣ ጠጋ በይ። ስልኩን አስቀምጪና ይቺን ጋቢ ተጋሪኝ። አል ዐይን ላይ ብርድ የገባ ሰሞን ነው፤ ኤሲው ጠፍቶ መስኮት የሚከፈትበት፣ ከአል ሙዋይጂ ምሽግ በኩል የሚመጣው ነፋስ የቴምሩን ዛፍ የሚያንኳኳበት፣ አባትሽም በሰርግ ካርድ ሥራ ተወጥሮ እራቱን ማተሚያ ሱቁ ውስጥ ቆሞ የሚበላበት። እህትሽ ሐናን ከባሏ ቤት ለጥየቃ በመጣች ቁጥር ፊትሽ ሲጠቁር አይቻለሁ። አትደብቂኝ። ቅናትን አውቀዋለሁ፤ አብሮኝ ነው ያረጀው።

ልጅ ሳለሁ፣ ደሴ ላይ፣ ክረምቱ ሲበረታ የእናቴ ወንድም አጎታችን ሰይድ ከአዲስ አበባ ይመጣ ነበር። የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ያኔ መጽሐፍ የሚታተመው ከቀለጠ እርሳስ የተሠሩ ትናንሽ ፊደላት አንድ በአንድ ተለቅመው፣ ተደርድረው፣ ቀለም ተቀብተው ወረቀት ላይ ሲጫኑ ነው። ጥፍሩ ስር የገባውን ቀለም የትኛውም ሳሙና አያስለቅቀውም፤ እናታችን «ሰው ቤት ስትሄድ እጅህን ኪስህ ክተት» ትለው ነበር። ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ፋኖሱ ዝቅ ብሎ፣ እርጥቡ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ፍሙ ላይ እየተንጣጣ ጭሱ ዓይናችንን ሲያቃጥለን፣ እኔና ታናሽ እህቴ ሩቂያ ከእግሩ ስር ንቅንቅ አንልም ነበር። ሌላው ሰው የጅብና የቀበሮ ተረት ሲያወራ እሱ የሚያወራልን የአራቱን ማተሚያ ወንድማማቾች ታሪክ ነበር።

ታላቁ ፊደል ለቃሚው ነው። ቀስ ያለ፣ ኩሩ፤ ያተመው ወረቀት ላይ ጣት ሲያልፍ ስርጉዱን የሚያገኝለት። ሁለተኛው ኦፍሴት ነው፤ ጽሑፉን ስስ ብረት ላይ አሳርፎ ውሃውና ቅባታሙ ቀለም እንዳይዋደዱ እያደረገ የሚያትም፣ ለመነሳት የሚንቀራፈፍ፣ አንዴ ከተነሳ ግን የአገሩን ጋዜጣና መጽሐፍ ሁሉ ሳይጨርስ የማይቆም። ሦስተኛው ስክሪን ነው። ስስ ጨርቅ በእንጨት ላይ ይወጥርና ቀለሙን በላስቲክ እየገፋ፣ ዱቄት በወንፊት እንደሚነፋ ያሳልፈዋል፤ ሸሚዝ፣ ሰንደቅ፣ ጣውላ፣ ፊቱ የቀረበውን ሁሉ ያትምበታል። አራተኛው በላስቲክ ጥቅል የሚያትመው ነው፤ የሱ ሥራ ጆንያ፣ ካርቶንና ፌስታል ነው፣ እየተንከባለለ ውሎ እየተንከባለለ ያድራል።

ታዲያ እነዚህ አራቱ ይቀናናሉ። ንጉሡ ልጁን ሊድር ሆነና ሥራ አዘዛቸው፤ እነሱ ግን እያንዳንዳቸው የወንድማቸውን ሥራ ሰረቁ። ታላቁ ለአገር ሁሉ የሚበተነውን አዋጅ እኔ ላትም አለ፤ ፊደሉን ለቅሞ ሳይጨርስ ሙሽራዋ ወለደች። ኦፍሴት ለንግሥቲቱ እናት የምትሄደውን አንዲት ካርድ ነጠቀ፤ ቀለሙ እስኪስተካከልለት አንድ ክምር ወረቀት አበላሸ። ስክሪን ደቃቅ ፊደል ያለበትን መጽሐፍ ወሰደ፣ ፊደላቱ ቀለም ውስጥ ሰጠሙበት። አራተኛው የሙሽራዋን ስም በሐር ላይ አተመና ልጅቷ የስኳር ጆንያ መሰለች። እዚህ ላይ ስንደርስ እኔና ሩቂያ በሳቅ እንሞታለን። ንጉሡ ተቆጥቶ ሁሉንም ወደየሥራቸው መለሳቸው።

«ከዚያ በኋላ ታረቁ?» ትለዋለች ሩቂያ።

«ሥራቸውንስ ያዙ» ይላል አጎቴ። «መተያየቱን ግን አልተዉትም።»

አንድ ክረምት፣ ሊመለስ ሲሰናዳ፣ እናቴን «አንዷን ስጪኝ፣ አዲስ አበባ ወስጄ ላስተምራት» አላት። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ዘኪያ ታላቅ ናት፣ ለቤቱ ታስፈልገኛለች። ሩቂያን ውሰዳት።» በቃ፣ ይኸው ነው። ምስሩን መልቀሟን ቀጠለች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እህቴ ጫማ ሲለካላት አየሁ፤ ያን ቀን ደረቴ ውስጥ የገባው ነገር እስከ ዛሬ ቦታውን ያውቃል።

አጎቴ ከመሄዱ በፊት በክር የታሰሩ ሦስት የእርሳስ ፊደላት እጄ ላይ አኖረ። «ይህ ስምሽ ነው» አለኝ። እሱ ከሄደ በኋላ ማታ ማታ አመዱን በእጄ ደልድዬ፣ በፍሙ ብርሃን ፊደላቱን እያየሁ ስሜን በእንጨት እጽፍ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ሩቂያ ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሳ መጣች፣ አመዱን አየችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እትዬ፣ ስምሽን ገልብጠሽ እኮ ነው የጻፍሽው።» የእርሳስ ፊደል ፊቱ የተገለበጠ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነው የሚቃናው። እኔ ይህን ማን ነግሮኝ። ከዚያ ወዲያ አመድ ላይ አልጻፍኩም፤ ፊደላቱን ግን አልጣልኳቸውም።

ለቤት ሠራተኝነት እዚህ አገር ስመጣም አብረውኝ መጡ። አቡ ዳቢ፣ ኸሊፋ ሲቲ፣ የመጀመሪያዋ ማዳም ሻንጣዬን ስትፈትሽ በክር የታሰረውን እርሳስ አገኘችና ፊቷ አመድ መሰለ። «ሲህር!» አለች። ድግምት ይዤ የገባሁ መስሏታል፤ ይህ እንኳን ከሥራ ከአገርም የሚያስባርር ነገር ነው። ዐረብኛዬ ገና አፌ ላይ አልተፈታም፣ እንዴት ላስረዳት። ገላ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩና አዲስ ሳሙና አምጥቼ ፊደላቱን ከነክራቸው ተጫንኩበት። «ኢስሚ» አልኳት፣ ስሜ ነው። ሳሙናው ላይ ያረፈውን ሳይ ግን ከማዳም ይልቅ እኔ ደነገጥኩ። አመድ ላይ ከምጽፈው ጋር አይመሳሰልም፤ ዞሯል፣ ተቃንቷል። ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት የዐረብ ቤት ሳሙና ላይ ነው። ማዳም ስቃ «ኸላስ፣ ኸላስ» አለችኝ፣ በቃ ማለቷ ነው፣ ሳሙናውንም ወስዳ ለእናቷ አሳየች።

ዓመታት ሄዱ፤ ልጄ፣ አባትሽ ጀማል መጣ፣ ከካፊሉ፣ ከአገሬው ዋሱ ጋር ተስማምቶ ይህን ሱቅ ከፈተ። አጎቴ ያላያትን አምስተኛዋን፣ ከኮምፒውተር ተቀብላ ወዲያው የምታትመዋን ዲጂታል ማሽን ገዛ። ሃያ የስም ካርድ የፈለገ ሰው ሻይ ሳይጠጣ ይዞ ይወጣል። ብዙ ሲሆን ወደ አቡ ዳቢ፣ ለኦፍሴቱ ይላካል። ሸሚዙ በጓሮ ክፍል በስክሪን ይሠራል። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ለደረሰኝ ቁጥር የሚመታባት አሮጌ የእጅ ማተሚያ አለች። እዚያ ስቀመጥ አጎቴ ሰይድ ከነጥፍሩ ይመጣብኛል።

አምና የሐናን ሰርግ ሲቃረብ የካርዱን ጽሑፍ እንድታሰናዳ እህቴ ሩቂያ ተጠራች። ታውቂያታለሽ፣ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ከወጣች በኋላ አቡ ዳቢ፣ አል ራሐ ቢች፣ ልጇ ዘንድ ናት፣ አነጋገሯ ሁሉ የጥቁር ሰሌዳ ነው። ሐናንና እሷ ኮምፒውተሩ ፊት ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ያነባሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ይስቃሉ። እኔ ሻይ ይዤ ስገባ «እሺ እማ፣ እዚያ አስቀምጪው» ትለኛለች የልጄ ልጅ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። ያሳደግኳት እኔ፣ አዝዬ ያስተኛኋት እኔ፤ ካርዷ ላይ ግን አንዲት ነገሬ የለችም። እንደገና በር ላይ ቆሜ የእህቴን ጫማ ሲለኩ ያየሁ መሰለኝ።

ጓዳ ገባሁና ፊደላቱን ይዤ ወጣሁ። «ጀማል፣ ስሜን በዚህ አትምልኝ።»

«እማ፣ ስምሽ እኮ አለ። ‹አያቷ ዘኪያ› ይላል፤ ኮምፒውተሩ ጽፎታል።»

«የኮምፒውተሩን ጣቴ አያገኘውም።»

ሐናን ቀና አለች። «ባባ፣ ፕሊስ» አለችው፣ ተነስታም አቀፈችኝ። «እሷ የምታነበው አንድ ቃል ይኑር።»

ሩቂያ ግን ፊደላቱን ከእጄ ወስዳ ታገላብጣቸው ጀመር። መነጽሯን አወለቀች። «እነዚህ ናቸው?» አለች። «አጎቴ ቤት ያን ሁሉ ዓመት ስኖር የኔን ስም ስጠኝ እያልኩ ለምኜዋለሁ። ‹አንቺ ትጽፊዋለሽ፣ እሷ ግን በእጇ ትያዘው› ይለኝ ነበር። ከሥራ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያወራው ስላንቺ ነው። አመዱን አይቼ የሳቅኩት ለምን ይመስልሻል፣ እትዬ?»

ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ፤ እስከ አጥንቴ። ከዚያ ፊቷን ሳይ ደግሞ ያቺ ጫማ የተለካላት ትንሽ ልጅ ሆነችብኝ፣ ሰው ቤት የከረመች፣ አጎቷ ከሥራ ሲገባ የእህቷን ስም የምትሰማ።

«አንዷን ስጪኝ» አለች። «‹ያ› የምትለዋን ፊደል። በሁለታችንም ስም መጨረሻ ላይ አለች።»

«አልሰጥሽም» አልኳት። «አትምልሻለሁ።»

የኮምፒውተሩ ስም ተነሳ፣ ቦታው ባዶ ተተወ። ካርዱ አቡ ዳቢ ታትሞ ሲመለስ ጀማል ሦስቱን ፊደላት በእጅ ማተሚያዋ ላይ አጠበቀ፣ እኔ እጀታውን ሳብኩ፣ ሩቂያ ካርድ አቀረበች። ክንዴ ሲዝል «ተራዬ ነው» አለች፤ አልለቀቅኩላትም፣ ቆይቼ ግን ለቀቅኩላት። ሲያልቅ ፊደሏን ለብቻዋ አስረን፣ ወፍራም ነጭ ወረቀት መሐል ላይ አተምኩላት። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች፣ መኪና ውስጥም አላስቀመጠችው።

አጎታችን ሰይድ አላህ ይዘንለትና አዲስ አበባ ተቀብሯል፤ እናታችን ደሴ። የሠራበት ማተሚያ ቤት ፊደሉን አቅልጦ ሸጦታል አሉ። ሐናን ኸሊፋ ሲቲ ናት፣ የመጀመሪያዋ ማዳሜ ከነበረችበት ሰፈር ብዙ አይርቅም፣ ካርዷን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለች። አባትሽ ያው ሱቁ ውስጥ ነው። ሩቂያ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች፣ ስለዚያች ጫማና ስለ አመዱ እንነታረካለን። ወረቀቷን በወርቃማ ፍሬም አድርጋ ሳሎኗ ሰቅላዋለች፣ ባሕሩ በሚታይበት በኩል። ባለፈው ሄጄ አየሁት፤ በጣም ያምራል። ቀናሁ።

ፊደላቱ ግን እኔ ዘንድ ናቸው።