ከአሰላ ሁሩታ፣ ድምፅ በሌላት መኪና

ጠዋት፣ አሰላ

ኅዳር ሲገባ የአሰላ ጠዋት እጅን ከኪስ አያስወጣም። ቅዳሜ ዕለት ከቤቴ ስወጣ ጭላሎ ተራራ ደመናውን እስከ ወገቡ ለብሶ ነበር። በራችን ላይ ልገዛት ወይም ልተዋት የሚገባኝ መኪና ቆማለች፤ ብርማ፣ ትንሽ፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ፣ ሰው «ሃይብሪድ» የሚላት ዓይነት።

የጉዞው ምክንያት ይህ ነው። ሁሩታ አስተምራለሁ፤ ቤቴ አሰላ ነው። የቀን ክፍሎቼ ካለቁ በኋላ ፊደል ዘግይተው ለጀመሩ ትልልቅ ሰዎች አንድ ክፍል አለኝ። እህል ነጋዴዎች፣ የቤት እመቤቶች፣ አንድ ጥበቃም አሉበት። እኔ ራሴ አንደኛ ክፍል የገባሁት እኩዮቼ ልጅ በሚያዝሉበት ዕድሜ ስለሆነ ከክፍሎቼ ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ችግሩ የመጨረሻው ሚኒባስ ከሁሩታ የሚነሣው ትምህርቱ ገና ሲጋመስ መሆኑ ነው። ሹፌሮቹ ሳይመሽ ቤታቸው መግባት ይፈልጋሉ፤ አልፈርድባቸውም። ስለዚህ ተማሪዎቼ ፊደሉን ገጣጥመው ቃሉን ሊያወጡ አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ ቦርሳዬን አንሥቼ እሮጣለሁ። እዚያው ቤት ተከራይቼ እንዳላድር ደግሞ አሰላ አክስቴ አሉብኝ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁን ከአልጋ አይወርዱም፤ ቀን የምታግዛቸው ጎረቤትም ሲመሽ ወደ ልጆቿ ትሄዳለች። ርእሰ መምህሩ ከሚመጣው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ወይ ሙሉ ሰዓት አስተምሪ፣ ካልሆነ ክፍሉን እንዘጋዋለን ብለውኛል።

እናቴ ስትሞት ቤቷ ተሽጦ የደረሰኝ ድርሻ ባንክ ተቀምጧል። መኪናዋ ያንን ጠቅልላ ትበላዋለች። የእናትን ቤት በአራት ጎማ መለወጥ ቀላል ነገር አይደለምና፣ በምመላለስበት መንገድ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ሳልፈትናት አልገዛም አልኩ።

አብረውኝ የሄዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ የመኪናዋ ባለቤት ኢክራም ናት፤ ኢተያ ምርጥ ዘር የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፣ እንደ እኔው ከአሰላ ትመላለሳለች። ባሏ ወደ ባሌ ስለተዛወረ ልትከተለው ነው የምትሸጠው። ሌላው ጎረቤቴ ጋሽ ሁሴን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ መሪ ላይ ጨርሰው ጡረታ የወጡ። ገና ሰላም ሳይሉን በከዘራቸው ተደግፈው ሥሯን አጎንብሰው አዩ።

«ይቺ ድሮ ቀኝ ነጂ ነበረች» አሉ።

«በዱባይ ስትመጣ መሪዋ ዞሮላት ነው» አለች ኢክራም።

ሥራው ንጹሕ ነው ብለው እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከዚያ ከኋላ ወንበር እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ለአውቶቡስ ሹፌር የኋላ ወንበር ውርደት መሆኑን ግን ሳይነግሩን አላለፉም።

ኢክራም ቁልፉን ስትጫን የሞተር ድምፅ አልመጣም። በምትኩ አንዲት ሴት ከመኪናዋ ውስጥ በጃፓንኛ ረጋ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ኢክራም «አሚን» ብላ ፍሬኑን ለቀቀች። ጋሽ ሁሴን ምን እያለች እንደሆነ ጠየቁ።

«እኔ እንጃ፣ አባባ። በየቀኑ ትለኛለች። በክፉ አይመስለኝም።»

ቁልቁል ወደ ኦጎልቾ

ኦጎልቾ መመላለሻዬ ላይ የለችም። ወደዚያ የሄድነው ጋሽ ሁሴን መኪና ዳገት ላይ ካልታየች አልታየችም ስላሉ ነው፤ ዳገት ለመውጣት ደግሞ መጀመሪያ መውረድ ያስፈልጋል። መንገዱ ከአሰላ ጉብታ ተነሥቶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሜዳ ይወርዳል። ላይ ስንዴው ወርቅ መስሎ አጨዳ ይጠብቃል፤ ወረድ ሲሉ ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ከዚያ ግራሩ ይጀምርና አየሩ ይሞቃል። ጃኬታችንን አንድ በአንድ አወለቅን።

እኔ ዓይኔን ከመሪው አጠገብ ካለችው ስክሪን አላነሣሁም። መኪናዋ ኃይሏ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በቀስት ታሳያለች። ኢክራም ፍሬን በነካች ቁጥር ቀስቱ ከጎማው ተነሥቶ ወደ ባትሪው ይሮጣል። ከመጻሕፍት ያነበብኩት ነገር ቢሆንም በዓይን ማየት ሌላ ነው። ለጋሽ ሁሴን አሳየኋቸው። በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገታቸውን አስገግተው ተመለከቱ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳቃጥል ኖርኩ» አሉ በመጨረሻ። «ይቺ ታጠራቅመዋለች።»

ነቀፌታዬንም እጽፋለሁ። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ሆዷ ድንጋይ ነካ። ድምፁ ጥርሴን አሳከከኝ፤ ኢክራም ከንፈሯን ነከሰች። መሬት የምትነካ መኪና ለገጠር መንገድ አትሆንም። የእኔ መመላለሻ አብዛኛው ጥሩ መንገድ ቢሆንም፣ ነገ አንዱ ለለቅሶ ገጠር ውሰጂኝ ቢለኝ እንደማልችል ከአሁኑ ማወቅ አለብኝ።

ኦጎልቾ ሻይ ጠጣን። ሽንኩርት የጫነ መኪና ገበያውን ዘግቶት ነበርና ዙሪያውን ተመለከትኩ። ከአሰላ በርኖስ ለብሶ የወረደ ሰው ላቡን ሲጠርግ፣ ሊወጣ የተዘጋጀው ጋቢ ሲደራርብ ያየሁት እዚህ ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት አገር።

ስንመለስ ዳገቱን ያዝነው። ሞተሩ ተነሣና እንደ ተበሳጨ ወፍጮ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን አልተንገዳገደችም፤ ፊታችን ያለውን የጭነት መኪና አልፋ ጭላሎ ፊት አወጣችን። ጋሽ ሁሴን ከኋላ ሆነው በእግራቸው የሌለ ነዳጅ ሲረግጡ ነበር። አናቱ ላይ ስንደርስ ነዳጁ ምን ያህል እንደጎደለ አየሁ፤ ከጠበቅሁት በጣም ያነሰ ነው። ለቤንዚን ሰልፍ ግማሽ ቀን ቆሞ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኢተያ፣ ምሳ

ከአሰላ ወደ ሰሜን ቁሉምሳን አልፈን ኢተያ ስንደርስ ከተማው በኮምባይነር ተሞልቷል። የአጨዳ ወቅት ነው፤ አንዱ ማጨጃ ብቻውን መንገዱን ሞልቶት ስለሚሄድ ሁላችንም እንደ ሙሽራ አጃቢ ከኋላው ተሰለፍን። መኪናችን ሞተሯን አጥፍታ በባትሪ ብቻ ተከተለች። በመስኮቱ የስንዴው ብናኝ ሽታ ገባ፤ የሰዎች ወሬ ሳይቀር ይሰማል። እንዲህ ያለ ጸጥታ በመንገድ ላይ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ለእኔ ለጭምቷ የተሠራች መሰለችኝ፤ ልቤ ያን ጊዜ ወደ መግዛቱ አዘነበለ።

ምሳ ሽሮ አዘዝን። እነሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ በአንድ ትሪ ለመብላት ሽሮ ያስታርቃል። ኢክራም እናቷ የሠሩትን ጩኮ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ገብሱ የተቆላ፣ ቅቤ የጠጣ፤ ጋሽ ሁሴን ሐኪም ቅቤ እንደከለከላቸው እየነገሩን ሦስት ጊዜ ቆረሱ።

ከምሳ በኋላ ከዘራቸውን ወደ እኔ ጠቆሙ። «መኪናዋ ፈተናዋን አልፋለች፣ አስካለ። የቀረሽው አንቺ ነሽ። ከሁሩታ ስንመለስ ትነጃለሽ፤ እኔ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ማታ ብቻሽን ስትሆኚ ማን ይነግርሻል?»

መንጃ ፈቃድ አለኝ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ነድቼ አላውቅም። ሒሳቡን ከፍዬ ተነሣሁ።

ሁሩታ፣ ከዐሥር ተኩል በኋላ

ተማሪዎቼ ቅዳሜም ይመጣሉ። ዛሬ ሚኒባስ እንደማልጠብቅ ስነግራቸው አንዷ በርበሬ ነጋዴ፣ እትዬ ብርቄ፣ «እንግዲያስ ዛሬ እናስቸግርሽ» አለችና ሁሉም ሳቁ። የሚያነቡት አጭር አንቀጽ ስለ አንድ የውኃ ጉድጓድ ነበር። ሁልጊዜ የምሄድበት ሰዓት ሲደርስ እጄ በልማድ ወደ ቦርሳዬ ሄደ፤ መለስኩት። ቀጠልን። እትዬ ብርቄ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻዋን፣ ጣቷን ከቃል ቃል እያሻገረች፣ እስከ አራት ነጥቡ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ «አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ» አልኳት።

«የሚያልቅ ነገር መሆኑንም አላውቅ ነበር።»

ይህን የሰማሁት ሰማዩ መቅላት ሲጀምር ነው። ደብተሬን ሰብስቤ ወደ መኪናዋ ሄድኩ።

ሲመሽ፣ በሁሩታና በዋናው መንገድ መካከል

መሪውን ያዝኩ። ኢክራም አጠገቤ፣ ጋሽ ሁሴን ከኋላ፤ እንደ ቃላቸው ዝም። ከከተማው ወጣ እንዳልን ብርሃኑ ሊለየን ተዘጋጀ። ከገበያ የሚመለስ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። እዚህ አገር እግረኛ ዞር ብሎ አያይም፤ በጆሮው ነው መንገድ የሚለቀው። የእኔ መኪና ደግሞ ቀስ ስትል ድምፅ የላትም። ሰዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሲጫወቱ እኔ ከኋላቸው እጠብቃለሁ። ክላክስ መንፋት አፈርኩ፤ ሰው ላይ መጮህ መሰለኝ። ኢክራም አንዴ እጇን ወደ ክላክሱ ሰነዘረችና ጋሽ ሁሴን በጉሮሯቸው ሲያስጠነቅቋት መለሰችው።

ከዚያ ገለባ እስከ ሰማይ የጫነ የፈረስ ጋሪ ደረስኩበት። መብራት የለውም፤ ባለጋሪው ከክምሩ ፊት ስለሆነ አይታየኝም፣ እኔም አልታየውም። ከፊት የጭነት መኪና መብራት እየመጣ ስለነበር ማለፍ አልቻልኩም። ተጠግቼ፣ ዝም ብዬ ተከተልኩት። ድንገት ጋሪው ቆመ።

ፍሬን ረገጥኩ። መኪናዋ ቆመች፤ ገለባው የፊት መስታወቱን ጠረገው። ፈረሱ በዚያች ቅጽበት አንድ እርምጃ ቢያፈገፍግ ኖሮ ጋሪውን ከነክምሩ እላያችን ላይ ያመጣው ነበር።

ባለጋሪው ገመድ ሊያጠብቅ ነበር የቆመው። ወደ ኋላ ዞሮ ሲመጣ ከጋሪው ጋር ልትሳሳም የደረሰች መኪና መብራቷን አብርታ ቆማ አገኘ። ጢሙ የሸበተ፣ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። ክው አለና፣ ወዲያው ራሱን ሰብስቦ «አካም ኦልተኒ» አለን፤ እንደምን ዋላችሁ ማለቱ ነው። ከዚያ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ፣ ምንም አልሰማም፣ በኀዘን ራሱን ነቀነቀ።

«ሞተባችሁ እንዴ?»

ጋሽ ሁሴን ዝምታቸውን ለእኔ ብቻ ነበር የማሉት መሰል፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «እንዴት እናድርግ ወንድሜ፣ ፈረስህ ይጎትታታል?» አሉት።

«ዳማዬ? ኮምባይነር ካልሆነች ምን ትከብደዋለች!» አለና በእርግጥ ከጋሪው ሌላ ገመድ መፍታት ጀመረ። ገለባውን ዳር አውርጄ፣ ዋናው መንገድ አድርሻችሁ፣ ተመልሼ እጭነዋለሁ አለ። ሲመሽ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች፣ የቀን ሥራውን ሊያወርድ። ኢክራም በሳቅ ፊቷን ሸፍናለች፤ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። በር ከፍቼ ወረድኩ።

«አልሞተችም፣ ወንድሜ። ስትቆም ድምፅ የላትም እንጂ ደህና ናት። ከኋላህ ስከተልህ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ከኋላ ካለፍነው ድልድይ ጀምሮ አልኩት። እጁን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ሙቀቱን ሞከረ፤ እኔን አየ፤ ፈረሱን አየ።

«ታዲያ ክላክስ የለሽም?»

«ላለመረበሽ ብዬ ነው።»

«እህቴ፣ ረብሺኝ» አለ። «ከኋላዬ ሰው መኖሩን ካላወቅሁ ምኑን ነው የምጠነቀቅልሽ?»

ይህን ያለው በቁጣ አልነበረም፤ ገመዱን መልሶ እየጠቀለለ ነው። ለይቅርታዬ «ምንም አይደል» አለና ከፊት ሄዶ ተቀመጠ። ጋሪው ሲንቀሳቀስ ክላክሱን ነካሁት፤ ቀጭን፣ የጫጩት ድምፅ። ከገለባው ማዶ አለንጋ ከፍ ብሎ መለሰልኝ። መብራቴን ከጋሪው ሥር ወደ ፊት ለቀቅሁለት፤ እሱም በእኔ ብርሃን ጉድጓዱን እየሸሸ፣ ከፊታችን ያሉትን እግረኞች በኦሮምኛ «መኪና አለ! ልቀቁ!» እያለ መንገዱን ጠረገልኝ። ወደ መንደሩ እስኪታጠፍ እንዲህ ሄድን። ሲታጠፍ አንዴ ነፋሁለት።

ከዚያ በኋላ ለሁሉም ነፋሁ። ለእግረኛ፣ ለአህያ፣ ለብስክሌት፣ ከሩቁ፣ ቀስ አድርጌ። ሰዎቹ ይዞራሉ፣ ዳር ይይዛሉ፣ ብዙዎቹም እጃቸውን ያነሣሉ፤ ሰላምታ ነው የመሰላቸው። ይሁን፤ ሰላምታም ነበር። የኢተያን መብራቶች አልፈን ቁሉምሳ ላይ ስንደርስ መሪውን አንቄ የያዝኩበት እጄ ላልቷል። ጋሽ ሁሴን ከኋላ ተኝተው ያንኮራፋሉ። ኢክራም ዞር ብላ አየቻቸውና «የሰው መኪና ውስጥ ሲተኙ ዛሬ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል» አለችኝ።

አሰላ መግቢያ ላይ ሰኞ ባንክ እንገናኝ አልኳት። ሆዷ መሬት እንደሚነካ፣ ለገጠር መንገድ እንደማትሆን፣ ባትሪዋ ቢያረጅ መተኪያው ውድ እንደሆነ ሁሉንም አውቄ ነው የወሰንኩት። ጉዞው ያስተማረኝን በአንድ ቃል በይ ብባል፣ ጭምትነትን ጨዋነት ነው ብዬ መኖሬን እላለሁ፤ ቤት ውስጥ ምናልባት ነው፣ መንገድ ላይ ግን አይደለም።

ቤት

ጋሽ ሁሴንን በራቸው ላይ ቀስቅሰን አወረድን፤ ኢክራም መኪናዋን ይዛ ሄደች። ጎረቤታችን ነጠላዋን አስተካክላ ልትወጣ በር ላይ ቆማ ነበር፤ በሰዓቱ ደርሻለሁ። አክስቴ ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«ባጃጅም ሚኒባስም በበራችን ሲያልፍ አልሰማሁ። በምን መጣሽ?»

«በመኪና፣ እትዬ።»

«በዚህ ጨለማ? ማን አመጣሽ?»

ጫማዬን እያወለቅሁ «ራሴ። እትዬ ብርቄም ዛሬ አንቀጹን እስከ መጨረሻው አነበበች» አልኳቸው። አክስቴ ፊቴን ትንሽ አዩና ትራሳቸውን አስተካክለው፣ እትዬ ብርቄ ያነበበችውን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድነግራቸው ጠየቁኝ።