በክንድ የተበጠበጠ መርዝ

ቦዲቲ አካባቢ በቆሎውን አረም ሲውጠው ሰው ሁሉ የሚፈልገው አጎቴን ነበር። የአረም መድኃኒቱን በርሜል ውስጥ የሚበጠብጡት እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ባዶ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ነክረው ነው። «በእንጨት ከተበጠበጠ ታቹ ይዘቅጣል» ይሉ ነበር። ከዚያ በሳሙና ይታጠቡና መዳፋቸውን ያሳዩናል፤ «ይኸው፣ ለቀቀ!»

ሕመም ሲጠናባቸው ሶዶ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። የደም ካንሰር ነው ተባለ። ሐኪሙ ሥራቸውን ጠየቃቸውና፣ እንዲህ ያለ መርዝ የሴሎችን ዘረመል ሊጎዳ እንደሚችል፣ የእሳቸው ሕመም ከዚያ መምጣቱን ግን በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል አስረዳን። አጎቴ መዳፋቸውን ዘረጉለት።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ሁልጊዜ እታጠባለሁ» አሉት።

መርዙን ሲሸጥላቸው የኖረው ነጋዴ ለቅሶ መጥቶ ከፊት ተቀመጠ። ጓንት የሚባል ነገር እንዳለ አንድም ቀን ነግሯቸው አያውቅም። «እግዜር ያጽናችሁ» አለን።

ሐዘናችን ሳይወጣ አረሙ ተመልሶ መጣ። ትልቁ ልጃቸው በርሜሉ አጠገብ ቆሞ እጅጌውን ሲሰበስብ አየሁትና ጮኽኩበት። «አባቴ ያስተማረኝ እንዲህ ነው» ብሎ ክንዱን ነከረ። ጎረቤቶች የአጎቴ ቦታ ባዶ አልቀረም ብለው ደስ አላቸው።

ምነው ባዶ በቀረ!