ከማግነስ መስኮት ሥር

ማግነስ ጎረቤቴ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሮ ሳንባው ሲከዳው፣ ከወደቡ ፊት ለፊት ባለው የፎቅ ክፍሉ አልጋ ላይ ዋለ። እኛ የፋይፍ ባሕር ዳርቻ ስኮትላንዳውያን ንፋስ ለምደናል ብለን እንኮራለን እንጂ፣ የማግነስና የሚስቱ ቤት ግን ጉድ ነበር! በድሮው መስኮት ቀዳዳ የሚገባው ንፋስ መጋረጃውን ያርገበግበዋል።

ግን በዚያው ቀዳዳ ወሬም ይገባ ነበር። የጀልባ ጓደኛው ዋቲ ጠዋት ጠዋት ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ይጮኻል።

«አንተ ሽማግሌ! ዛሬም አልሞትክም?»

«አንተን ሳልቀብር? ምን በወጣኝ!»

የቀሩትም ዓሣ አጥማጆች ይቀጥላሉ፤ ስድቡ ይደምቃል። ወንዶቻችን የታመመ ሰው ቤት ገብቶ መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ ፍቅራቸው ከመንገድ ነው። ማግነስ የአጃ ገንፎውን የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያለዚያ ማንኪያ አይነካም።

ነርሷ «ይኼ ብርድ ይገድለዋል» ስትላት፣ ሚስቱ ኤልስፐት መስኮቱን ልታስቀይር ተነሳች። ወደቡ ዳር ያሉት ቤቶች ጥንታዊ ስለሆኑ በሕግ መልካቸው አይነካም፤ የፕላስቲክ መስኮት ክልክል ነው። አናጺው ክፈፉንም፣ መስታወቱን የሚከፋፍሉትን ቀጫጭን እንጨቶችም፣ ነጩን ቀለምም የድሮውን አስመስሎ፣ መስታወቱን ግን ድርብ አድርጎ ሠራው። ማግነስ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ተገጠመ። ከመንገድ ሆኜ ሳየው ልዩነቱን አላወቅኩትም። ኤልስፐት በደስታ አለቀሰች።

ማግነስ ተመለሰ። ክፍሉ ሞቀ፣ ሳሉም ቀነሰ። ምግብ ግን እምቢ አለ።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ዋቲ አይመጣም። ማንም አይመጣም። በቁሜ ቀበሩኝ።»

በንዴት ጨስኩ። ዋቲን ዳቦ ቤት ሳገኘው ሰው ፊት አፈጠጥኩበት።

«አንተ ጉደኛ! ጓደኛህ አልጋ ላይ ሲውል ረሳኸው?»

«እኔ? ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠራሁት እኮ! መልስ የለም። ለሞት የደረሰን ሰው ለምን ልነዝንዘው ብዬ ተውኩት። የቀሩትንም ዝም በሉ አልኳቸው። አሁን በጓሮ ነው የምናልፈው።»

ያኔ ገባኝ። መስኮቱ ቁርጥ የድሮው ነው፤ ከውጭ ያየ ሰው መለወጡን በምን ይወቅ? ኤልስፐት ጆሮዋ ደክሟል፤ ማግነስም የሚያውቀው ዝምታውን ብቻ ነው። ወይ ጉዳችን! ብርዱን ስንዘጋ ሰውንም ዘጋንበት።

ዋቲን ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። ከመስኮቱ ሥር አቆምኩትና ደረጃውን ወጥቼ መስታወቱን ወደ ላይ ገፋሁት። ንፋሱ ገባ።

«አንተ ሽማግሌ! ዛሬም... ዛሬም አልሞትክም?»

ማግነስ ጣራ ጣራውን አየ።

«መስታወቱ ነው እኮ!» አልኩት። «ድምፅ አያስገባም። ሲጠራህ ነው የከረመው፣ ሙት!»

«አንቺ ነሽ ያመጣሽው።»

«ባመጣውስ? ጓደኛህ አይደለም እንዴ?»

«ድምፁን አትሰሚም? አዝኖልኛል። ዋቲ ድምፁ እንዲህ ሲሰበር የሰማሁት ሰው ሲቀበር ብቻ ነው።»

ዋቲ ደግሞ ጮኸ። ማግነስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ዝጉት፤ በርዶኛል» አለ። ከዚያ በፊት በረደኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ኤልስፐት ዘጋችው። ዋቲ ከታች አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ይታየኛል፤ ምንም አይሰማም።