የፊቱ ካርዳን

መኪናዬን ከአራት ጎማ ነጂነት ወደ ሁለት ያወረድኋት እኔ ነኝ። መካኒኩን ብወቅስ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ሰውየው ያዘዝሁትን ነው የሠራ።

አሮጌ ፒክአፕ ናት። ከማንኩሳ ወደ ውስጥ በሚያስገባው የአፈር መንገድ ላይ ባለው መንደራችን ከእኔ በፊት መኪና የነበረው ሰው የለም። በበጋ በቆሎና በርበሬ ጭኜ ቡሬ አራግፋለሁ፣ ስመለስ ሰው እጭናለሁ። ክረምት ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ቀይ ዳገት እንኳን መኪና በቅሎ ያንበረክካል። እዚያ ስደርስ ከማርሹ አጠገብ ያለችውን አጭር ዘንግ እስባለሁ፤ የፊት ጎማዎቹም መጎተት ይጀምሩና እያጓራች ትወጣለች። ከኋላ የተጫኑ ሽማግሎች ያን ጊዜ ይመርቁኛል። ምርቃቱን ሁሉ ለራሴ እወስደው ነበር።

መኪናዋን ባመጣሁ በዓመቱ የወሳንሳው እድር ፈረሰ። ወሳንሳ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ጠፍር ተወጥሮ በሽተኛ የሚተኛበት ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል፣ የቀረ ይቀጣል፣ እየተቀባበሉም በሽተኛውን በትከሻ አስፋልት ያደርሳሉ። በስብሰባው ላይ የእድሩ ዳኛ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሰው፣ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ይቺ መኪናህ በሐምሌስ ትወጣለች?» አሉኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ምን ያስጨንቀዎታል፤ አራቱም ጎማዋ ነው የሚሠራ» አልኋቸው። ምላሴን በቆረጠው። ሰዉ ሳቀ፣ ተጨበጨበልኝም። ጠፍሩን አንዱ ለአልጋው ወሰደው፣ አጣናው አጥር ውስጥ ገባ።

አምና በየካቲት ከመኪናዋ ፊት፣ ከሥር፣ ጩኸት መጣ። ፍኖተ ሰላም ያለው መካኒኬ ከታች ተንሸራቶ ገብቶ አየና የፊቱ ዲፈረንሻል ጥርሱ ተበልቷል አለኝ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣ፤ መንገዱ ደግሞ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ናፍጣም በጄሪካን እየተለመነ ነበር የሚገኝ።

«የፊቱን ካርዳን ላውጣልህና በኋላ ጎማ ብቻ ንዳት» አለኝ። «ለቡሬ አስፋልት ፎር ዊል ምን ያደርግልሃል? ናፍጣም ትቆጥባለህ።»

«አውጣው» አልሁት።

ከሞተር የሚመጣውን ኃይል ለፊት ጎማዎች የሚያደርሰው ያ ብረት ነው። ብሎኖቹን በሁለቱም ጫፍ ፈትቶ በትከሻው ተሸክሞት ወጣ። የፊት ጎማዎቹንም ፈትቶ ለቀቃቸው፣ እንዲሁ የሚንከባለሉ ሆኑ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ሰኔ ሳይገባ አምጣት፣ መለዋወጫው ሲገኝ እመልሰዋለሁ። ዘንጓን ልንቀላት?» አለኝ።

«ተዋት» አልሁት። ለምን እንዳልሁ አውቃለሁ። ሰው እንዲያያት ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። መሪዋ ቀለለኝ፣ ናፍጣው በረከተልኝ። መለዋወጫው በግንቦት ደረሰ ብሎ መካኒኩ ሁለት ጊዜ ደወለልኝ። የበቆሎውን ጭነት ልጨርስ አልሁት። ካርዳኑን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስገባሁት። ለመንደሩ ሰው ትንፍሽ አላልሁም።

ታላቅ እህቴ ለዘጠኝ ዓመት ስትሳል ኖራ ያረገዘች በዚያው ዓመት ነው። በሰኔ መጨረሻ የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤቷ መጥታ፣ ዳገቱ ሳይብስ ከተማ ወርዳ የእናቶች ማቆያ እንድትገባ ነገረቻት። እኔ መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ ጠላ እጠጣ ነበር። እህቴ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመችና፣ «የወንድሜ መኪና ደጄ ቆማ የምን ማቆያ ነው?» አለች።

ያኔ ነበር መናገር። «እታለም፣ መኪናዋ እንደ ድሮዋ አይደለችም፣ ሂጂ» ማለት አሥር ቃል አይሞላም። የጤና ኤክስቴንሽኗ እያየችኝ ነው፣ ባሏ እያየኝ ነው። ያ ሁሉ ጉራዬ ታወሰኝና አፈርሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አስገጥመዋለሁ ብዬ ጠላዬን ጠጣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት መንገድ ተዘጋ፣ ከዚያ ደግሞ ዝናቡ ቀጠለ።

ምጡ የመጣባት ከቀኗ ቀድሞ፣ በሐምሌ ገብርኤል ማግስት ጠዋት ነው። ከኋላ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናት፤ ባሏ ራሷን ታቅፎ ተቀመጠ። ወንዙን ተሻገርን። ዳገቱ ሥር ስደርስ እጄ በልማድ ወደ ዘንጓ ሄደና ሳባት። ባዶ ነበረች፣ ምንም አልያዘችም። ባሏ በኋላው መስታወት አየኝ።

«አሁን ፎር ዊሉን አስገብቶታል፣ አይዞሽ» ሲላት ሰማሁት።

የኋላ ጎማዎቹ ጭቃውን እየረጩ ባሉበት ዞሩ። ድንጋይ አነጠፍን፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል አነጠፍን፣ ከመንደሩ ሰው ወጥቶ ገፋ። መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራታ እስከ ሆዷ ተቀበረች። አንዱ «ወሳንሳ አምጡ» አለ፤ ሌሎቹ ተያዩ። የእድሩ ዳኛ በዝናቡ ውስጥ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። አጥር ተነቀለ፣ ከአንድ ቤት አልጋ ወጣ፣ አጣናና አልጋ እስኪታሰር ስንት ጊዜ ሄደ። እኔም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርሁ። እህቴ ከላዬ ስታቃስት እየሰማሁ ተሸከምኋት።

ሆስፒታል የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። እሷ ተረፈች። ሕፃኑ ወንድ ነበር፣ ሞቶ ተወለደ። አዋላጇ በለሆሳስ፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን» አለችን።

ሁሉም ጭቃውን ረገመ። እኔም አብሬ ረገምሁ። በሦስተኛው ቀን አልጋዋ አጠገብ ስቀመጥ እጄን ያዘችና፣ «አንተ ምን ታደርግ፣ ወንድም ዓለሜ፤ ዳገቱ ነው» አለችኝ። እኔን ነበር የምታጽናና። ፈሪ ነኝና ተጽናናሁላት።

ወሳንሳው በነሐሴ ተመልሶ ተሠራ፤ እኔም ጠፍር አዋጣሁ። በመስከረም ዲፈረንሻሉን አሠርቼ ካርዳኑን አስገጠምሁት። ማንም አልጠየቀኝ፣ ለማንም አልተናገርሁ።

ዘንድሮ በሐምሌ እህቴን ለሕክምና ቀጠሮ ወደ ፍኖተ ሰላም ይዣት ወጣሁ። ጋቢና አጠገቤ ነበረች። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ስለሆነ ዳገቱ የአምናውን ያህል ነበር፣ ቢብስ እንጂ አያንስም። ዘንጓን ሳብኋት። የፊት ጎማዎቹ ቆንጥጠው ያዙ፣ መኪናዋም አንድ ጊዜ እንኳ ሳትንሸራተት ወጣች።

እህቴ ዘንጓን አየቻት። ከዚያ እጄን አየችው።

«አምና ምን ሆና ነበር?» አለችኝ።

ነገርኋት። መካኒኩን፣ ከአልጋዬ ሥር ያለውን ጆንያ፣ ዘንጓን ለምን እንዳስቀረኋት፣ ሁሉንም። ስጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ያን ቀን ጠላ ስትጠጣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አቁምልኝ» አለች። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። በሩን ከፍታ ወረደችና ቀሚሷን ሰብስባ በጭቃው ዳር መሄድ ጀመረች። በአንደኛ ማርሽ ከኋላዋ ተከተልኋት። አስፋልቱ ድረስ አንድ ጊዜም ዞራ አላየችኝ። እዚያ ስትደርስ እጇን ዘርግታ ባጃጅ አስቆመች።