ለብስክሌት የሰፋሁት የጠፍር መረብ

ዳንግላ ከተማ ብስክሌት ጥገና የጀመርኩት በአንድ ሰኞ ጠዋት ነው። አሠሪዬ ጋሽ ደምሴ ሙያውን አሥመራ የተማሩ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ጎማ መለጠፍ አልነበረም። አንድ ብስክሌት ሰጡኝና፣ "ፍሬኑን አጥብቅ። ከዚያ ራስህ ነድተህ ቁልቁለቱ ላይ ያዘው" አሉኝ። ያዝኩት፤ ቆመልኝ። "እንግዲህ ተቀጥረሃል" አሉ።

ከዚያ በፊት አዘና ከተማ ከአባቴ ጋር የፈረስ ኮርቻ እሰፋ ነበር። ቁልፍና ፒንሳ ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። በሁለተኛው ዓመት ግን ፍሬንና ሰንሰለት ለእኔ ይተዉልኝ ጀመር።

አንድ የገበያ ዕለት ደንበኛችን መምህር አስናቀ ብስክሌታቸውን ጠዋት ከእኔ ተረከቡ። ከሰዓት በኋላ እየገፉ መለሱት። የኋላው ጎማ ሽቦዎች ተጣመዋል፤ ደም ነክቷቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ከኋላ በጎን ተቀምጠው ነበር። ጋሪ ሲያሳልፉ መንገዱ ጠበባቸውና ወይዘሮዋ እግራቸውን ሰበሰቡ፤ ተረከዛቸው ሽቦው ውስጥ ገባ።

"ፍሬኑ አልያዘም እንዴ?" አልኩ ደንግጬ።

"ፍሬኑማ ባይዝ ኖሮ እግሯ ይቆረጥ ነበር" አሉኝ።

ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ነገሩኝ። እኔ ግን በማግስቱ ክሊኒክ ሄጄ ወይዘሮ የሺን ጠየቅኋቸው። ቁስላቸውን የሚያጥበው ድሬሰር፣ "እንዲህ ያለ ተረከዝ ስሰፋ የመጀመሪያዬ አይደለም። ከኋላ የሚቀመጡት ሁሉ የሚመጡልኝ በዚሁ ነው" አለኝ።

ሽቦውን የሚከልል ነገር ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ ሞከርኩ። ይንኳኳል፤ ጠርዙም ስለት ሆነ። ጣልኩትና የኮርቻ ወስፌዬን አወጣሁ። ከጠፍር መረብ ሠርቼ በራሳችን ብስክሌት የኋላ ጎማ ግራና ቀኝ ወጥሬ አሰርኩ። ከሥሩም የእግር መርገጫ ብረት ጨመርኩ።

ጋሽ ደምሴ አዩና፣ "ብስክሌቱን ቀሚስ አለበስከው እኮ! ሰው ይስቅብናል" አሉ።

"ይሳቅብን ጋሼ። አንድ ጊዜ ነድተው ይዩልኝ።"

ነዱት። ሲመለሱ ጎንበስ አሉና መረቡን ነካኩት። "ታች በኩል ላላ ብሏል፤ ወጥረው" አሉኝ።

መምህሩም መጥተው ሲያዩት መጀመሪያ አልወደዱትም። ወይዘሮ የሺ ግን እግራቸው ድኖ አብረው መጥተው ነበርና መረቡን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት።

"ይሄ ከታሰረ እቀመጣለሁ። ያለዚያ በእግሬ ነው የምሄድ" አሏቸው ባላቸውን።

መምህሩ ሳቁ። "በል እሰርልን" አሉኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ከገጠር የመጡት በአገውኛ እየተሳሳቁ መረቡን ሲነካኩ ዋሉ። ከዚያ ሴቶቹ ባሎቻቸውንና ወንድሞቻቸውን እያመጡ ማሠራት ጀመሩ። ክረምት ሳይገባ ከእኛ ቤት የሚወጣ ብስክሌት ሁሉ መረብ ነበረው። ድሬሰሩም አንድ ቀን የራሱን ብስክሌት እየገፋ መጣ። "ተረከዝ መስፋት ቀርቶልኛል። የሚስቴን እንዳልሰፋ ደግሞ ለእኔም እሰርልኝ" አለ። እስኪበቃን ሳቅን።

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቼ ደስ ብሎኝ ነው የተውኩት። ለሙያው ሰዎች የምለው አንድ ነገር ነው፦ ብስክሌት ሲመጣላችሁ ማን እንደሚነዳው ብቻ አትጠይቁ፤ ከኋላ ማን እንደሚቀመጥም ጠይቁ።