የካፖርቱ ማንጠልጠያ

በፖላንድ፣ በሉብሊን ከተማው የሕክምና ትምህርት ቤት ካፖርቱን በር ላይ ሳያስረክብ ክፍል የሚገባ ተማሪ የለም፤ ተቀባይዋ እትዬ ጌኖቬፋ ናቸው። ያንን ከአፍሪካ የመጣ ረጅም ተማሪ ስሙን ጠይቀውት አያውቁም። የሚያውቁት ካፖርቱን ነው፤ ክርኑ የሳሳ፣ ቁልፎቹ የማይመሳሰሉ፣ ግን ሁልጊዜ የተተኮሰ። በረዶ የጀመረ ዕለት፣ “አንገትጌው ላይ የሚሰቀልበት ማንጠልጠያ የለውም” ብለው መልሰውበት የክፍሉ በር ተዘግቶበት ነበር። በማግስቱ ከቀይ ጨርቅ ማንጠልጠያ ሠርቶ፣ በቁስል መስፊያ ክር ሰፍቶት መጣ፤ ካፖርቱ ቢቀደድ እንኳ ማንጠልጠያው አይበጠስም።

ዛሬ ከፊቱ ተሰልፎ የነበረ ፖላንዳዊ ተማሪ ማንጠልጠያ የሌለው ካፖርቱን ወረወረላቸው። እትዬ ማንጠልጠያ ሳይጠይቁ በአንገትጌው ሰቀሉት።

“እትዬ፣ የሱንም ይመልሱለት” አለ ረጅሙ ልጅ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ በጠራ ፖላንድኛ።

“አንተ ምን አገባህ? ሰልፉን አታጓትት፣ በሩ ይዘጋብሃል።”

“ይዘጋ። ለምጄዋለሁ።” ከኪሱ መርፌና ክር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። “እሱ ማንጠልጠያ እስኪሰፋበት እጠብቃለሁ። ካላወቀበት አሳየዋለሁ።”

ከኋላው ሰልፉ ረዘመ። ደወሉ ሲደወል ልጁ ወደ በሩ ዞር እንኳ አላለም። እትዬ ጌኖቬፋ ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ ሰቀሉት ካፖርት ሰደዱ።