ከእሳት የወጡት የጭቃ ሰዎች

ባለፈው ሳምንት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የጎረቤቴ ልጅ፣ አክስቷ ከአረብ አገር የላከችላትን ባለቀለም የመጫወቻ ጭቃ ይዛ ቤቴ መጣች።

«እማማ፣ ሰው ይሥሩልኝ» አለችኝ።

ጭቃው ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። ጣቶቼ ግን ሥራቸውን አልረሱም፤ ደረቱን፣ አንገቱን፣ ወገቡን ተራ በተራ አወጡት። ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ «የት ተማሩት?» ስትለኝ «ከአንዲት ሸክላ ሠሪ» ብዬ አለፍኩት። ነገሩ ግን እንዲህ በአንድ ቃል የሚታለፍ አልነበረም።

ያኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የሰቆጣ ከተማ ልጅ ነኝ፤ የተመደብኩት ግን ከአምደወርቅ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ መንደር ነበር። እስከ አምደወርቅ በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ገደሉን። ወሩ ጥቅምት ነው። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ የጠዋቱ ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ያከራዩኝ ሰዎች ማታ ማታ የባቄላ እሸት ጠብሰው፣ ቂጣ በማር ያቀርቡልኛል። የዋግን ማር የቀመሰ ሰው ስኳር ጣፋጭ ነው ሲሉት ይስቃል።

ስለ ሰውነት ክፍሎች ላስተምር ስነሳ በትምህርት ቤቱ አንድ ሥዕል እንኳ አልነበረም። «በሉ፣ ከጭቃ ሰው እንሥራ» አልኳቸው። ከወንዝ ዳር ጭቃ ተሸክመን መጣን። ልጆቹ እናት አባታቸውን፣ ቄሱን፣ እኔን ሳይቀር ሠሩ። ደስታችን ግን ከሁለት ቀን አላለፈም። በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣናቸው ሰዎች እጃቸው ወድቆ፣ ሆዳቸው ተሰነጣጥቆ አገኘናቸው።

«ቲቸር» አለች ለምለም፣ ከኋላ ድንጋይ ላይ ለብቻዋ የምትቀመጥ ልጅ፤ «ጭቃ ብቻውን አይችልም። የተፈጨ ገል ይግባበት። የሚደርቀውም በጥላ ነው።»

አንዱ ልጅ «እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት» ብሎ ሹክ ሲለኝ ለምን ብቻዋን እንደምትቀመጥ ገባኝ። አገሩ በእናቷ ድስት ወጥ ይሠራል፤ እሳቸውን ግን «ቡዳ» ብሎ ይሸሻቸዋል፤ ልጁንም ከልጃቸው አጠገብ አያስቀምጥም።

በማግስቱ እናቷ ዘንድ ሄድኩ። እትዬ ትርንጎ ይባላሉ፤ ጎጇቸው ከመንደሩ ራቅ ብላ ነው። ትምህርት ቤት መጥተው ሥራውን እንዲያሳዩን ለመንኳቸው። ከልጃቸው ጋር በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ ጥቂት ተነጋግረው ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህርት፣ እኔ እዚያ ግቢ ከገባሁ ልጆቹ ይወጣሉ።»

«ይውጡ። እኔና ለምለም እንቀራለን፤ እኛን ያስተምሩን።»

እሳቸውም ለገሉ አሮጌ የእንስራ ስባሪ አንስተው መውቀጥ ጀመሩ።

እንዳሉትም ሆነ። እሳቸው በመጡ ማግስት ግማሹ ልጅ ቀረ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው አቶ ወልዱ ዱላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«ልጆቻችንን ፊደል እንድታስቆጥሪ እንጂ ሸክላ እንድታሠሪ አልሰጠንሽም። ይህቺ ሴትዮ ካልወጣች ትምህርት ቤቱን ባዶ ታገኚዋለሽ!»

ርዕሰ መምህሩ መሬት መሬት ያያል። «በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ የጭቃ ሰዎቹን በእሳት እንተኩሳለን፤ መጥታችሁ እዩ። ሥራው ከተበላሸ እሳቸውም እኔም እንወጣለን» አልኩ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው።

በዚያ ሳምንት እትዬ ትርንጎ የጭቃ ሰዎቹን ሆድ ቦርቡረን ባዶ ማድረግ አስተማሩን። «የጭቃ ሰው ከጠገበ እሳት አይችልም፤ እንደኛ አይደለም» ብለው ሲስቁ ልጆቹም አብረው ሳቁ። የቀሩትም በአጥር እየሾለኩ፣ አንድ በአንድ ተመለሱ። ከተመለሱት አንዷ ከአባቷ ተደብቃ የመጣችው የአቶ ወልዱ ልጅ አበባ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት ወላጆች አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። የጭቃ ሰዎቹን በኩበትና በጭድ ሸፍነን እሳት ለኮስን። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ «ጧ!» አለ።

«ይኸው!» አሉ አቶ ወልዱ።

እትዬ ትርንጎ ግን ከእሳቱ ዓይናቸውን ሳያነሱ «አንዱ ነው። የጠገበው ነው» አሉኝ።

ከቀትር በኋላ አመዱን በእንጨት ገለጥ አደረጉት። ቀያይ ሰዎች፣ እጅና እግራቸው ሙሉ፣ ከአመዱ ውስጥ ብቅ ብቅ አሉ። «እናቴ! እናቴ ናት!» እያሉ ልጆቹ ጮኹ። ከመሃል አንዱ ግራ ትከሻው ዘንበል ብሏል፣ ዱላ ይዟል፣ ከንፈሩን አሞጥሙጧል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጭቃውን አየ፣ ቀጥሎ አቶ ወልዱን አየ። ከዚያ ሳቁ ከአጥር እስከ አጥር ፈነዳ።

አቶ ወልዱ ጎንበስ ብለው አነሱት፤ ትኩስ ስለነበር ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጡታል።

«ከንፈሬ እንዲህ ነው?»

«አዎ አባባ» አለች አበባ።

እሳቸውም ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ዞሩ። «እትዬ ትርንጎ፣ ዱላዬ ይህን ያህል ቀጭን ሆኖ እንዴት ሳይሰበር አወጡልኝ?»

አንቱ ሲሏቸው ግቢው በሙሉ ሰማ። እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ባለሙያ ረጋ ብለው መለሱ፦ «ልጅዎ ከገላዎ ጋር አጣብቃ ስለሠራችው ነው። ለብቻው የወጣ ነው የሚሰበረው።»

እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሴቶቹ ተቀበሉኝ።

ሁሉም ተለወጠ ብዬ አልዋሽም። ተዛውሬ እስክሄድ ድረስ በእትዬ ትርንጎ ዋንጫ የማይጠጡ ሰዎች ነበሩ። ሰኞ ዕለት ግን አበባ ደብተሯን ይዛ ከለምለም ጎን ተቀመጠች። ለምለም ዛሬ ጽጽቃ ከተማ መምህርት ናት፤ በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች።

ይህን ሳወራ ስለ ድፍረቴ የሚያመሰግኑኝ አሉ። የመጀመሪያው ጭቃዬ ባይሰነጠቅ ኖሮ ግን ያቺ ልጅ ለምን ብቻዋን እንደምትቀመጥ መቼ እጠይቅ ነበር? አንድ ወር ሙሉ አይቻት፣ ዓይን አፋር ናት ብዬ ትቻት ነበር። ይህ ዛሬም ይቆረቁረኛል። በዚያ ቅዳሜ፣ አመድ ለብሼ ከእትዬ ትርንጎ ጋር ተቃቅፈን ስንዘል ግን አንዱም አልቆረቆረኝም። አሸንፈን ነበር። በዚህ ዕድሜዬም ሳስበው ደረቴ ሙሉ ይሆናል።